ከጅማ እስከ አጋሮ፤ በአንዲት ተወዛዋዥ ዓይን

ረከቦት ቀርቦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ በየቤታችን የማይነሣ ወሬ የለም። ቡናው ከማን እጅ እንደ መጣ ግን እምብዛም አይነሣም። ስለዚህ ዛሬ ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች አብረን እንጓዝ። ሙያዬ ውዝዋዜ ስለ ሆነ በደረስኩበት አገር ሁሉ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በሰው አረማመድ፣ በትከሻውና በእጁ ላይ ነው። የማጫውታችሁም ይህንኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል የግቤን ሸለቆ የተሻገረ መንገደኛ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅማ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያረፈች ለምለም አገር ናት። ጥንት ሂርማታ በሚባለው የሐሙስ ገበያዋ ከሩቅ አገር ሲራራ ነጋዴ ይስብባት ነበር። ከ1870ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. በንጉሥነት የኖሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት ዛሬም ጂሬን ኮረብታ ላይ ይጎበኛል።

ወደ ገበያው ስትዘልቁ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ዳውሮኛው፣ ከፍኛውና ጉራጊኛው በአንድ ላይ ይሰማችኋል። ባጃጁ ይሯሯጣል፤ የማር ሻጩ፣ የበርጩማ ሻጩ፣ የቅመም ሻጯ ድምፅ ይደባለቃል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ጀርባዋ ላይ ከባድ ሸክም ያዘለች ሴት እርምጃዋን አሳጥራ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ማንንም ሳትነካ ስታልፍ ታያላችሁ። እኛ ይህን የሰውነት ሚዛን ለማግኘት በልምምድ አዳራሽ ዓመታት እንፈጃለን፤ እርስዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በኑሮ ተምራዋለች።

ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አጋሮ ትገኛለች። በጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘብኝ እኔ ነኝ ትላለች፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ የለም፣ ማንኪራ ነው ይላሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን ወደ ማሳው እንግባ።

ቡናው በዋንዛ፣ በብርብራና በሳሳ ጥላ ሥር ይበቅላል። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይደርሳል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፍሬ በአንድ ቀን አይቀላም፤ ስለዚህ ለቃሚዋ በግራ እጇ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ፣ በቀኟ ቀዩን ብቻ እየመረጠች ትለቅማለች፤ አረንጓዴውን ትታ ከቀናት በኋላ ትመለስበታለች። አንድ ኪሎ ያለቀለት ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ለ60 ኪሎ ጆንያ 300 ኪሎና ከዚያ በላይ እሸት፣ ፍሬ በፍሬ፣ በጣት ይለቀማል ማለት ነው። ከዚያም በማድረቂያ አልጋ ላይ ማገላበጡ፣ በመጋዘን ቁጭ ብሎ ብልሹውን ከደህናው መለየቱ ይከተላል። ሕፃን ያላት እናት ይህን ሁሉ የምትሠራው አንድም ልጇን አዝላ፣ አንድም ከዛፍ ጥላ ሥር አስተኝታ ነው።

ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ላይ ዘነዘናቸውን እየተቀባበሉ ሲወቅጡ ያየ ሰው ምት ከየት እንደሚወለድ ይገባዋል። አንዷ ስታወርድ ሌላዋ ታነሣለች፤ አይጋጩም፣ አይሳሳቱም። አዝመራው ገብቶ የሠርጉ ወራት ሲደርስ እነዚያው ሴቶች ክብ ሠርተው፣ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ ሲጨፍሩ በእጃቸውና በእግራቸው ላይ ያለው ያው የሥራው ምት ነው።

እኛ ተወዛዋዦች ቅርጫት ይዘን በመድረክ ላይ የቡና ለቀማ ስናሳይ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅብንም፤ ፈገግ ብለን እንጨርሳለን፤ ይጨበጨብልናል። ወገባችንን ቢያመን እናርፋለን። በኪሎ የምትከፈለው ለቃሚ ግን ያረፈችበት ቀን ያልተከፈለችበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ከየቦታው ፈልገው አገኙ። ጅማ አጠገብ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬው የተሠራጩት እንደ 74110 እና 74112 ያሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጡ ስለ ሆኑ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ለዛፉ ይህን ያህል የተጨነቀ አገር ለለቃሚዋ ወገብም ሊጨነቅ ይገባል።

ምን ይደረግ? ሕጉ መንገድ ከፍቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲሰጥ አዝዟል። ሆኖም ሚስት ስሟ በደብተር ላይ ቢኖርም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል ባሏ ብቻ ከሆነ የቡናው ገንዘብ ወደ እጇ መድረሱ በእርሱ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሴቶች በየማኅበሩ በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ፤ በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው ጥላ ያለው የሕፃናት ማቆያ ይዘጋጅ።

ይህ የገጠር ሴት ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ። በአዲስ አበባ የቡና መጋዘኖች ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ቡና የሚያበጥሩት እህቶች የሠፈራችሁ ሴቶች ናቸው። ልጃቸውን ማን እንደሚይዝላቸው ጠይቋቸው፤ በዕድራችሁ፣ በሴቶች ማኅበራችሁ ተነጋገሩበት። ከጅማ ስመለስ ይዤላችሁ የመጣሁት ትልቁ ስጦታ ይኸው ጥያቄ ነው፤ ተቀበሉኝ።