የዋጠው ወይስ የሰጠው?

ባለፈው ሳምንት የውሃ ወረፋ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ የብስክሌት እሽቅድምድምና አበረታች መድኃኒት ነው። አንደኛው ወገን «የዋጠው ራሱ ነው፤ አፉን ማን በግድ ከፈተው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሐኪሙና አሠልጣኙ ሳያቀርቡለት ከየት ያመጣዋል?» ባይ ነው። ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ቢሉኝ ባዶ ጀሪካኔን አንሥቼ ሄድሁ። በቃል ለመናገር ስላልደፈርሁ፣ ለምን ዝም እንዳልሁ በዚህች ገጽ እጽፈዋለሁ።

ክርክሩን ያስነሣው የአሜሪካዊው የላንስ አርምስትሮንግ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ድረስ 7 ጊዜ በተከታታይ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ተብሎ፣ በ2012 ሰባቱንም ተገፈፈ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ሚኬሌ ፌራሪም ዕድሜ ልኩን ከስፖርት ታግዷል፤ የቡድኑ ኃላፊ ዮሃን ብሩይኔል መጀመሪያ 10 ዓመት፣ በኋላም በ2018 ዕድሜ ልክ ተወስኖበታል። የእነዚህን የሁለቱን ስም በወረፋው ላይ የጠራ አንድም ሰው አልነበረም። እንግዲህ ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛውን ኢ.ፒ.ኦ. የተባለውን መድኃኒት ብስክሌተኛ በጓዳው አይቀምመውም፤ የሚያዝለት፣ የሚያመላልስለት፣ በቅዝቃዜ የሚያስቀምጥለት ሰው ያስፈልገዋል። በ1998 የፌስቲና ቡድን ጉድ የተገለጠውም ጋላቢ ተይዞ ሳይሆን፣ የቡድኑ ወጌሻ መኪና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ሲፈተሽ ነው።

የእኛ ሰው ሮም 1960 ሲባል አበበ ቢቂላን ብቻ ያስባል። ቢያስብም አይፈረድበትም። ሆኖም አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ 15 ቀን በፊት፣ በዚያችው ከተማ፣ ክኑድ ኤኔማርክ ዬንሰን የሚባል የ23 ዓመት ዴንማርካዊ በ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር ላይ ከብስክሌቱ ወድቆ ሞቷል። አሠልጣኙ የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሰጥቶት ነበር ተባለ። የገደለው መድኃኒቱ ነው ወይስ የዕለቱ ሐሩርና የጭንቅላቱ ስብራት የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

ደንቡ ግን አይከራከርም። በስፖርተኛው ገላ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ተጠያቂው ስፖርተኛው ነው ይላል። አለማወቁን ካስረዳ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ በውድድሩ ያገኘው ውጤት ግን ይሰረዛል። በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን ቁጥጥራቸው ከላላባቸው 5 አገሮች አንዷ አድርጎ ጠራት፤ በዓመቱ አንድ የማራቶን ሯጫችን በፍርድ ቤት 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሜዳሊያ መመለሱን አልቃወምም፤ ሳይወስድ የሮጠው ሁለተኛ የወጣው ሰው አለና። እኔን የሚከነክነኝ ወኅኒው ነው። ወኅኒ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ጀሪፍ ነው። የ2023ቱ ጦርነት ካርቱምን ሳያፈርስና እኛን ሳይበትን፣ ብዙዎቻችን በዓባይ ዳር ባሉት የጡብ ምድጃዎች በቀን ሥራ እንኖር ነበር። ከአገራችን ተራራ ታጥቦ የወረደውን አፈር ጡብ እያደረግን ለሱዳን እንሸጠው ነበር ማለት ነው፤ ነገሩ ያስቀን ነበር። ሒሳቡ በሺህ ጡብ ቆጠራ ነው፤ ያልተሸከመ አይበላም። አብሮኝ የሚያድር አንድ ጓደኛዬ ወገቡ እምቢ ሲለው ትራማዶል መዋጥ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ኋላ ቁጥሩን ለእኔም ደበቀኝ። ክኒኑን የሚሸጥልን የምድጃው ተቆጣጣሪ ነበር፤ ዋጋውን ቅዳሜ ከሒሳባችን ላይ ይቀንሳል። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሸክሙን እንደ ያዘ ዞሮበት ከመወጣጫው ሳንቃ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ተቆጣጣሪው «ሱሰኛ ነው» ብሎ አሰናበተው። ሌሎቻችን አንገታችንን ደፍተን መሸከማችንን ቀጠልን።

ያው ክኒን የብስክሌተኞችም ክኒን እንደ ነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ትራማዶልን በውድድር ላይ የከለከለው በ2019 ነው፤ ያዞራል፣ ያስወድቃል፣ ሱስ ያስይዛል ብሎ። በ2022 ኮሎምቢያዊው ናይሮ ኪንታና በደሙ ተገኝቶበት ከቱር ደ ፍራንስ 6ኛ ደረጃው ተሰርዟል፤ እርሱ አልወሰድሁም ብሏል። በስፖርቱ ሁሉ የታገደው ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ነው። ለጡብ ተሸካሚ ግን ማንም ደንብ አላወጣለትም።

አሁን ወደ ዝምታዬ ልመለስ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ በተመደብሁበት ትምህርት ቤት ስፖርትም አስተምር ነበር። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረኝ፤ በኪራይ ብስክሌት ሠልጥኖ ለዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ደረሰ። ሜዳው ላይ የሚቀድመው አልነበረም፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ያን ጊዜ ዋንጫ ያመጣ መምህር ወደ ከተማ ይዛወራል የሚል ወሬ ነበር። እኔም ዝውውር እፈልግ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ከመድኃኒት ቤት ኤፌድሪን ያለበትን የአስም ክኒን ገዝቼ፣ በውድድሩ ጧት ሁለት ፍሬ በእጁ ላይ አኖርሁለት። «ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለኝ። «ቫይታሚን ነው» አልሁት። አላመነታም፤ በመዳፉ ውሃ ጨልፎ ዋጠው። አስተማሪው ነበርሁ።

ሁለተኛ ወጣ። ከብስክሌቱ ሲወርድ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልቡ በሸሚዙ ላይ ሲመታ ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን አደረ፤ አብሬው ስላደርሁ አውቃለሁ። ደጋግሞ «ደስታው ነው መሰለኝ» ይለኝ ነበር። በደንቡ ቢመረመር ኖሮ ስሙ በመዝገብ የሚሰፍረው የእርሱ ነበር። በእኔ ሽንት ውስጥ ምንም አይገኝም። ዝውውሩም ቢሆን አልመጣም።

ሽልማቱ አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። በማግሥቱ ከደርዘኑ ሁለቱን ቤቴ ድረስ አምጥቶ፣ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ተቀበልሁት። የዚያን ዓመት የትምህርት ዕቅዴን የጻፍሁት በእነርሱ ላይ ነው።