የተነገረን ቁጥር



ባለፈው ክረምት እዚህ ሉማሜ አንድ ምሽት ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እኛ ቤት ቆየች። እኛ ስንል ባልና ሚስት ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ጓደኛዋ በቴሌግራም የላከችላትን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳየችን።

«ቁጥሮች» ይባላል፤ እንግሊዛዊቷ ሬቸል ዋርድ ያሳተመችው ነው። ጄም የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የሰው ዓይን ስታይ ያ ሰው የሚሞትበት ቀን በቁጥር ይታያታል። አንድ ቀን ለንደን ውስጥ በተሰለፉ ሰዎች ዓይን ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ታያለች፤ ቀኑ ያው የዚያ ዕለት ነው። ማወቋ ግን ሰላም አልሰጣትም። የሰው ዓይን ላለማየት አንገቷን ደፍታ የምትኖር ልጅ ናት።

«ፓስተር፣ እኔም እንደ እሷ ነኝ» አለችን። እናቷ ገበያ ስትወጣ ሬሳዋ ሲመጣ ይታያታል። ወንድሟ መንገድ ከወጣ ደርሻለሁ ብሎ እስኪደውል እህል አይወርድላትም። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ወር ሆኗታል። «ራእይ ነው ወይስ ላብድ ነው?» ስትል ጠየቀችን።

መልሳችን ፈጣን ነበር። የፍርሃት መንፈስ ነው አልናት። መጽሐፉን ከስልክሽ አጥፊው አልናት። እጅ ጭነን ጸለይንላት። አሜን ብላ ወጣች፤ ስትወጣም አንገቷን እንደ ደፋች ነበር።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። የደበቅናት ነገር ነበረና።

ከመጋባታችን በፊት ቤተሰቦቻችን እንደ አገሩ ልማድ ኮከባችንን አስቆጥረው ነበር። ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። የልጁ ስምና የእናቱ ስም በየፊደሉ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ይደመርና በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት ኮከቦች አንዱን ይሰጣል። ከዚያ ዐውደ ነገሥት ይገለጣል። ቆጣሪውም ስማችንን ቆጥሮ «ይስማማሉ፤ ወንዱ ግን 40 ዓመት አይሞላውም» አለ።

ሰውየውን አንወቅስም፤ ከአባቱ የተቀበለውን ነው ያደረገው። ነገሩ ግን እኛ ጋ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጌታን አገኘን። ከሁለታችን አንዱ ሥነ መለኮት ኮሌጅ ገብቶ ተመረቀ። ከቤተሰብ የተሰጠንን ክታብ አቃጠልን። ክታቡ ተቃጠለ፤ ቁጥሩ አልተቃጠለም።

ዓመቱ ሲቃረብ እሑድ እሑድ «አትፍሩ» እያልን እንሰብካለን፤ ማታ ማታ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይደነዝዛል። ሚስት በኩራዝ ብርሃን የባሏን ደረት ታያለች፣ ከፍ ዝቅ እንደሚል ለማረጋገጥ። ባልም እንዳላየ ሆኖ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለ ነገሩ አንነጋገርም። በአንድ ቤት እየኖርን ዓይን ለዓይን መተያየት ፈራን። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድን። መረመረና «ልብዎ ጤነኛ ነው፤ ጭንቀት ነው» አለ። ደስ ሊለን ሲገባ አፈርን። ፓስተር እንዴት ይጨነቃል ይሉናል ብለን ለማንም አልተናገርንም። 40 ሞላ፤ አለፈም። ከዚያ ወዲህ 15 ዓመት ሆነው።

15 ዓመት ስንል ሕዝቅያስ ትዝ ይለናል። መሞቻው እንደ ደረሰ ተነገረው፤ አለቀሰ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት (ኢሳ. 38)። ስንት ዓመት እንደ ቀረው ያወቀ ንጉሥ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ሲያሳይ እናገኘዋለን። ልጆቹ እንደሚማረኩ ሲነገረውም በእርሱ ዘመን ሰላም መሆኑ በቃው። ቀንን ማወቅ ልብን አያቀናም።

ቀኑን በእውነት ያወቀ ሌላ አለ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ ወዙም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ (ሉቃ. 22፥44)። ይህን ብዙ ጊዜ ሰብከናል። አንድ ነገር ግን ሳናየው አልፈን ነበር። ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ነፍሱ እጅግ ማዘኗን ነግሯቸው፣ አብረውት እንዲቆዩና እንዲነቁ ጠየቃቸው (ማር. 14፥33-34)። ኃጢአት የማያውቀው ጌታ ጭንቀቱን አልደበቀም። አብሮት የሚነቃ ሰው ፈለገ። እነርሱ ተኙ። እኛም ያቺ ልጅ በመጣች ምሽት እጃችንን ጭነንባት ተኛን።

በማግስቱ ጠራናት። ቡና ተፈላ። ለ15 ዓመት ለማንም ያላወራነውን ሁሉ ነገርናት። «ፓስተር፣ እርስዎም?» አለች፤ ቀና ብላም አየችን። «ታዲያ ቁጥሩ አሁን ጠፋልዎት?»

ልንዋሻት አልፈለግንም። አልጠፋም፤ አንዳንድ ሌሊት ይመጣል። ነገር ግን ጌታችን እርሱ አይደለም። ክርስቶስ ሥጋና ደም የተካፈለው ዕድሜያቸውን ሁሉ በሞት ፍርሃት ባሪያ ሆነው የኖሩትን ነጻ ሊያወጣ ነው (ዕብ. 2፥14-15)። ነጻ የወጣ ባሪያ የሰንሰለቱ ጠባሳ እግሩ ላይ ይቆያል፤ ጌታው ግን ተለውጧል።

ለጥያቄዋም መለስንላት። «ልጄ፣ የሚታይሽ ትንቢት አይደለም፤ እብደትም አይደለም። የምትወጃቸውን እንዳታጪ መፍራት ነው። በዚህ ዘመን ለመፍራት ምክንያት አላጣሽም። ግን እናትሽ ስንት ጊዜ ገበያ ወጣች? ስንት ጊዜስ ተመለሰች?» ትንሽ ፈገግ አለች። በሳምንቱ አብረናት ደብረ ማርቆስ ሄደን ከጤና ባለሙያ ጋር አገናኘናት። መጽሐፉን አጥፊው ማለታችንንም ተውነው።

ዛሬም ፈጽሞ አልለቀቃትም። አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ ትደውላለች፤ እናነሳለን። አንዳንዴ እንጸልያለን፤ አንዳንዴ ዝም ብለን አብረናት እንነቃለን።

ወገኖቻችን፣ በየቤታችሁ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ ካለ ቶሎ አትገሥጹት፤ አብራችሁት ንቁ። እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ ነገር ግን አንድ ቀን የተነገራችሁ ቁጥር ልባችሁ ውስጥ ያለ፣ ዘመናችሁ በኮከብ እጅ አይደለም። በተወጋ እጅ ውስጥ ነው። ያን እጅ ያዙ።

አባት ሆይ፣ በዚህ ሌሊት ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እያየ የሚያድረውን ሁሉ አስብ። ብቻውን እንዳይነቃም እኛን ቀስቅሰን። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።