ጨዋታና ጠብ

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አቃቂ ውስጥ በአሮጌው የባቡር መሥመር ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው አየሁ። ቀረብ ብዬ ስመለከት፣ በመካከላቸው ሁለት ጎረምሳ ውሾች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ አንገት ለአንገት ተናንቀው ይገላበጣሉ። አቧራው ይጨሳል፤ ጥርስ ያብለጨልጫል፤ ማጉረምረማቸው ለሩቅ ሰው ያስደነግጣል። ከከበቧቸው ሰዎች ግማሾቹ «ኧረ ገላግሏቸው፣ መጨራረሳቸው ነው!» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ተዉአቸው፣ ጨዋታ ነው» ብለው ይሥቃሉ። የውሾቹ ባለቤቶች፣ ሁለት ወጣቶች፣ የሁለቱንም ወገን ቃል እየሰሙ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ቴያትርና ስለ ሥዕል በሚነገርበት መጽሔት ላይ የውሻ ነገር ማንሣት ቀልድ መስሎ ይታይ ይሆናል። አንባቢ ይታገሠኝ። እኔ ለዚህ ለ«ገላግሏቸው» እና ለ«ተዉአቸው» ክርክር እንግዳ አይደለሁም። በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ፈርጄበታለሁ፤ ሁለት ጊዜም ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ መግባት በማይገባኝ ቦታ ገባሁ፤ ኋላ ደግሞ መግባት ሲገባኝ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያውን ስሕተት ዋጋ የከፈልሁት ራሴ ነኝ፤ የሁለተኛውን ግን የከፈለው ሌላ ነው። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያስገደደኝም ይኸው ሁለተኛው ነው።

በ1978 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድቤ አቃቂ ስመጣ አካባቢው የወዛደር መንደር ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛው በፈረቃ ስለሚወጣና ስለሚገባ፣ ከአቃቂ ወንዝ ሸለቆ ሌሊት ሌሊት የሚወጣው ጅብም ስለሚያሠጋ፣ ውሻ የሌለው ግቢ ብዙ አልነበረም። እኔም ገና ክፍል እንደ ተከራየሁ አንድ ቡናማ ውሻ አሳደግሁ። ጎረቤቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «መምህር» ይሉኛል። የእርሳቸውም ግቢ አንድ ውሻ ነበረው።

አንድ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ሁለቱ ውሾች በር ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ አገኘኋቸው። የእኔው ከሥር ነበር። ሳላስብ ዘልዬ ገባሁና ቀኝ እጄን በሁለቱ አፎች መካከል ሰደድሁ። የነከሰኝ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም። እኔ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ በእርግጥ ጠብ ሆነ፤ የጎረቤቴ ውሻ ጆሮው ተተረተረ፤ የእኔው እያነከሰ ወጣ።

የውሾቹ ጤንነት በሐኪም ያልተረጋገጠ ስለ ነበረ ወደ ፓስተር ተላክሁ። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ በሆድ ላይ ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚወጋ ነበር። በየዕለቱ ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ ተነሥቼ፣ አውቶቡስ እየቀያየርሁ፣ ወደ ጉለሌ ስመላለስ፣ በክፍል ውስጥም ጠመኔውን በግራ እጄ ይዤ እንደ ጀማሪ ተማሪ ስሞነጫጭር ሁለት ሳምንት አለፈ። እትዬ ቡና ጠርተውኝ ቁስሉን ካዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እነሱ እኮ እየተጫወቱ ነበር። ጠብ ያደረግኸው አንተ ነህ።»

በጊዜው ያፌዙብኝ መስሎኝ ተቀየምሁ። እውነታቸውን እንደ ነበር የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በቢሾፍቱ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ፣ ጠባሳዬን አይቶ ታሪኩን ካዳመጠ በኋላ፣ በተራው አስተማሪዬ ሆነ።

እንደ ነገረኝም የውሻ ጨዋታ ከጠብ የተዋሰው ብዙ ነገር አለ። መናከሱ፣ ማባረሩ፣ መጣሉ፣ አንገት መያዙ ሁሉ የጠብ እንቅስቃሴ ነው። ጨዋታ የሚያደርገው አያያዙ ነው። ሊጫወት የፈለገ ውሻ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፣ መቀመጫውን ወደ ሰማይ ከፍ ያደርጋል። እጅ መንሣት ይመስላል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለጠብ የሚቀርብ ውሻና ለጌታው የሚሽቆጠቆጥ ውሻ ሰውነታቸውን ፍጹም በተቃራኒ መልክ እንደሚይዙ በሥዕል ጭምር አሳይቷል፤ አንዱ ገትሮ ይቆማል፣ ሌላው ይለመጣል። አሜሪካዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት ይህን እጅ መንሣት ከሥርዓተ ነጥብ ጋር አመሳስሎታል። ውሻው ይህን ምልክት እንደ ዘበት አያሳይም፤ በተለይ ነክሶ ጭንቅላቱን ከሚያወዛውዝበት፣ ለጠብ ሊተረጐም ከሚችለው ድርጊት በፊትና በኋላ ያስገባዋል። «አሁን የማደርገው ጨዋታ ነው፤ ያደረግሁትም ጨዋታ ነበር» ማለቱ ነው። ዕድሜ ልኬን አራት ነጥብ ያላደረጉ ተማሪዎችን ስገሥጽ ለኖርሁ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሌላም ምልክት አለ። በጨዋታ ተራ አለ፤ ያሳደደው ይሳደዳል፣ የጣለው ይወድቃል። ብርቱው ጉልበቱን ይቆጥባል፤ አንዳንዴም ሳይገፋ በጀርባው ይተኛል። በመካከሉ ፋታ አለ፤ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ይራገፋሉ፣ መሬት ያሸታሉ፣ እንደ ገና ይጀምራሉ። አፋቸው የላላ ነው፤ ሰውነታቸው እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ይህን ስሰማ በልጅነቴ ያየሁት የገና ጨዋታ ትዝ አለኝ። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ በአንድ ሩር ላይ ሲረባረቡ፣ ዱላ ያረፈበት ጌታ እንዳይቆጣ ልማድ ይከለክለዋል። ይህ ልማድ የሚጸናው ግን ጌታውም መመታት እስከ ተቀበለ ድረስ ብቻ ነው። ሁልጊዜ አንድ ወገን ብቻ የሚመታበት ገና ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

የእኛ ግቢ ውሻ ይህን ቋንቋ በቅጡ የሚማርበት ዕድል ጠባብ መሆኑንም መናገር ይገባል። ቡችላ የጥርሱን ኃይል መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው፤ ሲያጠብቅ ወንድሙ ይጮኻል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ዓይኑ እንደ ተከፈተ በካርቶን ይዘነው እንመጣለን። ከዚያም ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሌሊት ይለቀቃል። ክፉ ይሆንልናል ብለን ከሰውም ከውሻም እንለየዋለን። እንዲህ ያደገ ውሻ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተፈትቶ ከሌላ ውሻ ጋር ሲገናኝ መጫወት ይፈልግ ይሆናል፤ ግን ነጥብና ሰረዝ አያውቅም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያልን እናወድሰዋለን እንጂ መብላቱንና መጮኹን ትተን ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዕውቀት ታጥቄ ነው ሁለተኛውን ስሕተት የሠራሁት።

በ1996 ዓ.ም. ትልቅ ወንድ ውሻ ነበረኝ። የእትዬ የልጅ ልጅ ደግሞ ቡቺ የምትባል ትንሽ አመድማ ውሻ ነበረችው። ሁለቱ ከግቢያችን ፊት ለፊት ለወራት ተጫውተዋል። እኔም ወንበሬን አውጥቼ እያየሁ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ «ይኸው፣ እጅ ነሣት፤ ይኸው፣ ተራ ሰጣት» እያልሁ አስረዳ ነበር። ለማስተማር ያለኝን ፍቅር የሚያውቁኝ ያውቁታል።

በዚያ ዕለት ግን ነገሩ የተለየ ነበር። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ሁሉም ምልክት ዓይኔ ሥር ነበር። ቡቺ ጅራቷን ወትፋለች፤ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። ሦስት ጊዜ ሸሽታ እትዬ ከተቀመጡበት ዱካ ሥር ገባች፤ የእኔው ውሻ ሦስቱንም ጊዜ ተከትሎ ጎትቶ አወጣት። እጅ መንሣት አልነበረም። ፋታ አልነበረም። ተራ አልነበረም። የእኔው አፉ ተዘግቶ፣ ሰውነቱ እንደ ግንድ ደርቆ፣ የጀርባው ፀጉር ቆሞ ነበር። እትዬ «መምህር፣ እባክህ ውሻህን ያዝልኝ» አሉኝ። እኔም እግሬን አነባብሬ እንደ ተቀመጥሁ «ይተዉአቸው እትዬ፣ ጨዋታ ነው። ያኔ እርስዎ ራስዎ ነግረውኝ የለም?» አልኋቸው። ስለ ዳርዊንም ጥቂት ጨመርሁላቸው።

ጩኸቷን ስሰማ ነው የተነሣሁት። ቡቺ አንገቷ ላይ ተነክሳ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጁ ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው ሰላምታ ሰጠኝ፤ ምንም አልተናገረኝም። ሌላ ቡችላ ላመጣለት ብል እትዬ «ይቅር፣ መምህር» ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የነሣኝ የውሻዋ ሞት ብቻ አልነበረም። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት በዕረፍት ሰዓት ተደራርበው የሚታገሉ ልጆች ዘንድ ስደርስ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» እላለሁ። «እየተጫወትን ነው ቲቸር!» ይሉኛል፤ አልፋለሁ። መልሱን የሚሰጠኝ ግን ሁልጊዜ ከላይ ያለው ልጅ እንደ ነበረ፣ ከሥር ያለውን ጠይቄ እንደማላውቅ፣ በስተርጅና ቡቺ አስታወሰችኝ። ከእነዚያ መካከል አንዱ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርቱን ትቶ ቀረ፤ ምክንያቱን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ያን የቀድሞ ተማሪዬን እንደ ገና አገኘሁትና «ታዲያ እንዴት ይለያል? ምልክቱ ሁሉ በዚያ አቧራና ሩጫ መካከል ያመልጣል» አልሁት። የሰጠኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ብርቱውን ያዙና ደካማውን ይዩት።» ብርቱው በተያዘ ጊዜ ደካማው ተመልሶ ከመጣ፣ ጨዋታውን ፈልጎታል ማለት ነው፤ ይለቀቁ። አጋጣሚውን ተጠቅሞ ከሸሸ ወይም ከሰው ኋላ ከተሸሸገ፣ የዚያ ዕለት ጨዋታ አልቋል። ይህን መሞከር የሚቻለው ነገሩ ሳይጋጋል፣ በፋታው መካከል ነው። አጥንት ወይም የምግብ ሳህን ባለበት ቦታ ደግሞ ሙከራውም አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ማንሣት ነው።

ጠቡ ከተነሣ በኋላ እጅ መስደድ እንደማይገባ የእኔ ቀኝ እጅ ምስክር ነው። በሁለት አፍ መካከል የገባ እጅ የማን እንደ ሆነ ውሻ አይመረምርም፤ የገዛ ጌታውንም ይነክሳል። ድስት መምታት፣ አንድ ባልዲ ውኃ መድፋት፣ ሰፋ ያለ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል። ድንጋይና ዱላ ግን ንዴቱን ያባብሳሉ። ያም ሆኖ የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ዛሬ የሆዱ መርፌ ቀርቶ በክንድ የሚሰጥ ክትባት ስላለ የእኔን ዓይነት ፍርሃት የሚፈራ አይኑር። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚመለስ አይደለም።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ጥቁሩና ነጩ ውሻ ለአፍታ ተላቀው ሲያለከልኩ፣ የጥቁሩን ባለቤት «ልጄ፣ አንገቱን በገመድ ያዘውና ቆም በል» አልሁት። ያዘው። ሰዉ ጸጥ አለ። ነጩ ራሱን አራገፈ፤ ዐሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሣሩን አሸተተ፤ እግሩን አንሥቶ ሸና። የሚሄድ መሰለን። ከዚያም ዞር ብሎ ጥቁሩን አየውና እየተንጎማለለ መጥቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ መቀመጫውን ከፍ አድርጎ ጮኸበት።

«ልቀቀው» አልሁት።

ሕፃናቱ አጨበጨቡ። ዘወር ስል እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ከሰዎቹ ኋላ ቆመው አየኋቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደ ነበሩ አላውቅም። ውሾቹን ጥቂት ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ወደ እኔ ቀረቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ያኔስ እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር፣ እትዬ» አልኋቸው።