አደስና ተከራይ

የራሱ ግቢ የሌለው ሰው ተክል አይተክልም የሚለው አሳብ በብዙዎቻችን ልብ ሥር ሰዷል። ተማሪው ትምህርቱን እስኪጨርስ፣ አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛም ዝውውር እስኪመጣበት ወይም ኪራይ እስኪጨመርበት ድረስ ነው የሚቀመጠው፤ ታዲያ ለማን ብሎ ይተክላል? እኔ ግን፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ለእንደኛ ያለው ሰው የሚስማማ አንድ ተክል ላመለክታችሁ እወዳለሁ። እርሱም አደስ ነው።

ብዙዎቻችን አደስን የምናውቀው ደርቆ፣ ተወቅጦና ከቅቤ ጋር ተለውሶ በእናቶቻችን ራስ ላይ ነው። በሕይወቱ ሳለ ግን ክረምት ከበጋ የማይረግፍ፣ ቅጠሉ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ነጭና ባለ አምስት ቅጠል ሲሆን፣ ከመካከሉ እንደ ሐር ክር የቀጠኑ ብዙ ዘንጎች ይወጣሉ። አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ብትመለከቱት በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ መልካሙን ሽታ የያዘው ዘይት ያለው በእነዚያ ነጠብጣቦች ውስጥ ነው።

ሊቃውንት ሚርቱስ ኮሙኒስ የሚሉት ይህ ተክል በሌላውም አገር የተከበረ ነው። አይሁድ በዳስ በዓል ከሚይዟቸው አራት ዕፀዋት አንዱ እርሱ ሲሆን፣ በዕብራይስጥ ሐዳስ ይባላል። በስፔን አገር፣ በግራናዳ ከተማ ባለው በአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ደግሞ በኩሬው ግራና ቀኝ አደስ በመሥመር የተተከለበት፣ በስሙም የሚጠራ ግቢ አለ።

እኔ በምኖርበት በልደታ አሮጌዎቹ ቤቶች ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲሠራ፣ የየጓሮው ጤና አዳምና አደስም አብሮ ጠፋ። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ግን አንድ ቅርንጫፍ በቀለም ባልዲ ተክለው በተከራዩበት ቤት ሁሉ ይዘውት ዞሩ። ዛሬ በፎቅ በረንዳቸው ላይ ያብባል፤ የእኔም አደስ የተገኘው ከእርሱ ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። ለጋም ያልሆነ፣ ፈጽሞም ያልጠነከረ ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ትከሉት። ሥር እስኪሰድ በጥላ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ይወዳል። የባልዲው ቂጥ መበሳት አለበት፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳልና። አፈሩም ፈጽሞ እንዲደርቅ አትተዉት፤ ላዩ ደረቅ ሲል አጠጡት። አበባው ካለፈ በኋላ ጫፍ ጫፉን ብትከረክሙት ይበልጥ ይደነድናል። ከፍሬውም ይበቅላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዝውውር በመጣ ጊዜ ባልዲውን ማንሣት ነው። ይህም ባይቻል አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ ይበቃችኋል፤ እናቲቱን ለሚቀጥለው ተከራይ ተዉለት። እርሱም ቢሆን ቤት የለውምና።