ከጋይንት ደጋ እስከ ሐኪም ደጃፍ

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጉዟችን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች ነው።

ከደብረ ታቦር ተነስተን የጉናን ተራራ በስተቀኝ እያየን በወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫ ደረስን። ስሟ እውነት ነው፤ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ወደ ደቡብ በአርብ ገበያ በኩል ወደ ስማዳ ሲኬድ ደጋው ቁልቁል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። እስቴ ደግሞ ከጉና በስተደቡብ ወደ ዓባይ ያዘነበለ አገር ነው። በሦስቱም ዘንድ መሬት ስለሚጠብ፣ ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል።

እስቴ ያገኘናቸው እናት ያጫወቱንም ይህንኑ ነው። በሶላት ያደገ ልጃቸው መተማ ወርዶ አረቄ ለመደ። ሲመለስ፣ ጠዋት ካልጠጣ እጁ ብርጭቆ አይጨብጥም። ቤተሰቡ ጎረቤት እንዳይሰማ ሲል ክፍል ውስጥ ቆለፈበት። በሁለተኛው ቀን ላብ አጠመቀው፤ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ጀመረ፤ ከዚያም አንቀጥቅጦ ጣለው። ጂን ነው ተባለ። «እኛ ሐራም ማስተዋችን ነበር፤ ልጄ ግን በእጄ ላይ ሊሞት ነበር» አሉን እንባቸውን እየጠረጉ። ያዳነው አንድ ዘመዳቸው ሐኪም ቤት ማድረሱ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ይህን ልብ በሉ! ለብዙ ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት መንቀጥቀጥ፣ ቅዠትና የሚጥል በሽታ የመሰለ ሕመም ሊይዘው፣ ሊገድለውም ይችላል። ሐኪም ግን በማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ያሻግረዋል። አላህ (ሱ.ወ.) መጠጥን በደረጃ እርም ማድረጉ የሰውን ድካም ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ መጠጥ የተፈቀደበት ደረጃ የለም፤ መታከም ግን የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነው።

በሀብታም አገሮች ሱሰኞች የሚያገግሙባቸው ማዕከላት በውቅያኖስ ዳርቻ ተሠርተዋል። ለጋይንትና ለእስቴ ሰው የሚቀርበው ዳርቻ የጣና ነው፤ ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከዚያ ለሚያልፍ፣ አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል አለ።

ሕክምናው ግን መጀመሪያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የገበያ ቀን አረቄ ግን ዕድሜ አይጠይቅም። ስለዚህ የዳነውን ልጅ ሥራ፣ ጓደኛና ጀማዓ ሊከቡት ይገባል። የእኝህ እናት ልጅ ዛሬ ከአጎቱ ሱቅ ይውላል፤ መተማ አልተመለሰም። «ለተክቢር ያነሳሁት እጅ ሳይንቀጠቀጥ ሲቀር ነው መዳኔን ያመንኩት» አለን።

ነውርን መደበቅ ልጅን መቅበር እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ አሚን።