የተሸከምነው ድንጋይ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ይሁንና የወጋም ቢሆን ሁልጊዜ አይረሳም፤ እኛ ሦስታችን መርሳት አቅቶን ከርመናል።

ለማስተማር ልምምድ ከደባርቅ ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ት/ቤት ተመድበን ሳለን፣ ለቀለብ ያዋጣነው 2400 ብር ጠፋብን። ቤታችን የሚገባው ውኃ የሚቀዳልን የ5ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነበር። ጠይቀን እንኳ አላጣራንም። በማግሥቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ አውጥተን «ሌባ» አልነው። ልጁ አላለቀሰም፤ እግሩን እያየ ዝም አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ ት/ቤት አልመጣም።

ብሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተገኘ። የት? እኛው ራሳችን በትምህርት ዕቅድ ደብተር ሽፋን ውስጥ ሸጉጠነው ኖሯል! ያን ጊዜ እንኳ ወጥተን መናገር አፈርን። «መምህር ተሳሳትኩ ካለ እንግዲህ ማን ይሰማዋል?» ተባባልን። ልምምዱ አለቀ፤ ዝም ብለን ወደ ጎንደር ተመለስን።

ኅሊናችን ግን አላረፈም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልናስቀድስ ስንገባ፣ ከጣራው ላይ የተሣሉት መላእክት ወደየትም ብንዞር እኛን የሚያዩ መሰለን። ጾምን፣ ሰገድን፤ አልቀለለንም። በመጨረሻ ወደ አንዳችን የነፍስ አባት ሄደን «አባ፣ ይፍቱን» ብለን ሁሉን ነገርናቸው። ቀኖና ይሰጡናል ስንል፣ «ልጁስ ይህን ሰምቷል?» አሉን።

«አልሰማም።»

«እንግዲያው የሰው ዕዳ ይዛችሁ ነዋ የመጣችሁት!» አሉና በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ መባና ስለ ተቀየመ ወንድም የተነገረውን አስታወሱን። «ሂዱ፤ ስትመለሱ እፈታችኋለሁ።»

በደጋው አገር ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ሲታረቁ ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ቄስ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። እኛም አንድ ሽማግሌ ይዘን ከልጁ ደጅ ደረስን፤ ድንጋይ ተሸክመን ተንበረከክን። አባትየው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አውርዱት፤ ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን ልጄ የተዋረደው እኮ በሰልፍ ፊት ነው» አሉ።

በማግሥቱ ርእሰ መምህሩ ፈቅደውልን፣ በዚያው ሰንደቅ ዓላማ ሥር፣ ልጁ ቆሞ ሳለ «ሌባ አይደለም፤ በዳዮቹ እኛ ነን» አልን። ድምፃችን ተንቀጠቀጠ። ልጁ እጁን ዘርግቶ ጨበጠን፤ ወደ ክፍሉም ገባ። ጎንደር ስንመለስ አባም እንደ ቃላቸው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ብለው ፈቱን። ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደን።

እርግጥ ነው፣ ልጁ ያጣውን ትምህርት ማንም አይመልስለትም። ይቅርታ ያለፈውን እንዳልነበረ አያደርገውም። ጴጥሮስም ይሁዳም በበደላቸው ተጸጽተዋል፤ ጴጥሮስ ወደ ጌታው ተመለሰ፣ ይሁዳ ግን ከጸጸቱ ጋር ብቻውን ቀረ። እኛም ዝም ባልንበት ጊዜ ሁሉ በይሁዳ መንገድ ላይ ነበርን።

ውድ አንባብያን፣ ነገ ጠመኔ የምንጨብጥ ሁሉ መሳሳታችን አይቀርም። የልጅን ስም በሰልፍ ፊት ያጠፋ፣ በሰልፍ ፊት ይመልስ። የእግዚአብሔር ይቅርታ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ወደ ልጁ ቤት የሚወስደውን መንገድ ግን በእግራችን መሄድ የእኛ ፋንታ ነው።

ከሦስት እጩ መምህራን