ከነተከራዩ የገዛነው ቤት



ሦስት ወንድማማቾች ነን፤ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ውስጥ ነው። በታክሲና በመጋዘን ሥራ ለዓመታት ያጠራቀምነውን አዋጥተን፣ ወለድ ሳንነካ፣ ሁለት ቤተሰብ የሚኖርበት አሮጌ ቤት ገዛን። ደላላው «ተከራዮቹ ሴክሽን ኤይት ናቸው። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ ተኝታችሁ ብሉ» አለን። አመንነው።

ሴክሽን ኤይት እንደ አገራችን የቀበሌ ቤት እንዳይመስላችሁ። ቤቱ የግለሰብ ነው። ተከራዩ በአብዛኛው ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፤ ቀሪውን የአካባቢው የቤቶች መሥሪያ ቤት በቀጥታ ለአከራዩ ያስገባል።

የመጀመሪያው ወር አለቀ፤ ከመሥሪያ ቤቱ አምስት ሳንቲም አልገባም። ለካ ውሉ ገና በሻጩ ስም ነበር! የባለቤትነት ሰነድ፣ የግብር ቅጽና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አስገብተን ውሉ ወደ እኛ እስኪዞር መጠበቅ ግድ ሆነ። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ሳንፈርም መጠየቅ ነበረብን። ተከራዮቹ ለሻጩ ያስያዙትን ገንዘብም እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን፣ እጃችን ባዶ እያለ፣ ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት ድርሻቸውን በፖስታ ሰጡን። ስንቆጥረው 75 ዶላር ትርፍ አለው። ምንድነው ብንላቸው «የበፊቱ ባለቤት መሥሪያ ቤቱ የፈቀደው ኪራይ አያዋጣኝም ብሎ በየወሩ ይቀበለኝ ነበር» አሉ። ይህ በፕሮግራሙ ደንብ ክልክል ነው፤ ከጸደቀው ኪራይ በላይ ከተከራይ መቀበል አይቻልም።

ያን ማታ ተጨቃጨቅን። አንዳችን «በፈቃዳቸው ሰጡ እንጂ አልጠየቅናቸው፤ ምኑ ነው ሐራም?» አለ። ታላቃችን ግን «እንዳይባረር ፈርቶ የሚሰጥ ሰው ፈቀደ ይባላል ወይ?» ሲል ዝም አልን። እኛም እዚህ አገር ስንመጣ አከራይ ፈርተን ኖረናል እኮ!

ጠዋት ገንዘቡን ይዘን ስናንኳኳ አሮጊቷ በሩን ገርበብ አድርገው «ልታስወጡኝ ነው?» አሉ። ቤቱ ስለተሸጠ የኪራይ ውላቸው እንደማይፈርስ፣ ከነውላቸው እንደተረከብናቸው አስረዳናቸው። 75 ዶላሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት።

በሚቀጥለው ወር ድርሻቸውን ብቻ አመጡ። ደረሰኝ ስንጽፍላቸው አጠገባችን ቆመው ቀኑንም እንድንጽፍበት ጠየቁን።